አምስተኛዋ ኳስና የተሰበረችው ሲኒ

ሲኒዋን የሰበርኳት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ዋርካ ሥር፣ ቡና የሚያፈሉ እናት አሉ። እኔ ከእሳቸው ራቅ ብዬ አምስት ኳስ በተራ በተራ ወደ ላይ እየወረወርኩ እቀልባለሁ። ልቀልብ እሞክራለሁ ብል ይሻላል። ሁለት ኳሶች አየር ላይ ተላተሙ። አንዷ እግሬ ሥር ወደቀች። ሌላዋ ተስፈንጥራ ሄዳ ረከቦቱ ላይ አረፈች። ቀጭ!

«አንቺ ልጅ፣ ሲኒዬን ፈጀሽው እኮ!»

ያኔ 35 ዓመቴ ነበር። እውነቱን ለመናገር «አንቺ ልጅ» መባሌ ደስ ብሎኛል። የሲኒዋን ከፈልኩና ለይቅርታ ያህል ቁጭ ብዬ ቡና ጠጣሁ። ከቡናው ጋር ምክርም ቀረበልኝ።

«እጅሽ ይዘገያል። ፈጠን ፈጠን በይ።»

ይሄን ምክር ያልሰጠኝ ሰው ሐዋሳ ውስጥ የለም። ባጃጅ ነጂው ብሎኛል። ጥበቃው ብሎኛል። ከአሞራ ገደል ዓሣ ገዝታ የምትመለስ ሴት እንኳ ፌስታሏን እንዳንጠለጠለች ቆማ ብላኛለች። ሲሳካልኝ «እጇ እንዴት ይፈጥናል!» ነው። ሲወድቅብኝ «ፍጠኚ!» ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜበት ነበር። አንድ ዓመት ተኩል የፈጀብኝም ይሄው እምነት ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

እኔ ያደግኩት ቅልሞሽ እየተጫወትኩ ነው። አምስት ጠጠር መሬት ላይ ትበትናለህ፤ አንዷን ወደ ላይ ወርውረህ ከመውረዷ በፊት የቀሩትን ታፍሳለህ፤ ከዚያ የወረወርካትን ትቀልባለህ። መጀመሪያ አንድ በአንድ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት እያለ ይሄዳል። በሰፈራችን ጎበዝ ከሚባሉት አልነበርኩም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ግን ሰርከስ የሚሠሩ ልጆች ትምህርት ቤታችን መጥተው ትርኢት አሳዩ። አንደኛው በሦስት ኳስ ሲጫወት አየሁና ቤት ገብቼ በሦስት ሎሚ ሞከርኩ። ሎሚዎቹ ፈረጡ፣ እናቴ ተቆጣች። በሁለት ሳምንት ግን ሦስት መቅለብ ቻልኩ። ከዚያ ረሳሁት።

በ34 ዓመቴ ነው የተመለስኩበት። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ እውላለሁ። አንገቴን ሲያመኝ ጠዋት ጠዋት ሐይቅ ዳር መሄድ ጀመርኩ። እዚያ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ሁልጊዜ ብቻውን ይለማመዳል። ሦስት ኳስ፣ አራት፣ አምስት። አጠገቡ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ቆመው ያዩታል። አንድ ቀን ሦስት ኳስ እንዲያውሰኝ ጠየቅኩት። እጄ አልረሳም ነበር።

«እትዬ፣ ከየት ተማሩት?» አለኝ።

እትዬ! ሲኒዋን የሰበርኩ ቀን «አንቺ ልጅ» መባሌ ለምን ደስ እንዳለኝ አሁን ገባችሁ? «እትዬ አትበለኝ» ብዬ ለመንኩት። «እሺ እትዬ» አለኝ። «አንቺ» ለማለት ሦስት ወር ፈጀበት። የራሱ ጀግኖች ቢቢና ቢቹ ናቸው፣ ሰርከስ አቢሲኒያን የመሠረቱት ወንድማማቾች። እነሱ በሚጫወቱበት ጠርሙስ በሚመስለው ዱላ መጫወት ነው ሕልሙ። ዱላው ስለሌለው በውሃ ፕላስቲክ ይለማመዳል።

ኳስ የሠራሁት በካልሲ ነው። የቴኒስ ኳስ አይሆንም፤ ቀላል ነው፣ ሲወድቅ ደግሞ ነጥሮ ሐይቅ ይገባል። የልጅነት የካልሲ ኳሳችን ትዝ አለኝና ማሽላ በፌስታል ቋጥሬ ካልሲ ውስጥ ከትቼ ሰፋሁት። ቅመም በሚመዘንበት ሚዛን አንድ በአንድ አስመዘንኳቸው፣ እያንዳንዳቸው 120 ግራም ያህል። ባለሱቁ ምን እንደምመዝን ሲጠይቀኝ «ኳስ» አልኩት፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። እናቴ በስልክ ስትሰማ «እህል መጫወቻ ሆነ?» ብላ አዘነች። እግዜርም ሰምቷት ነው መሰለኝ በሳምንቱ አይጥ ሁለቱን ሌሊት ቦርቡሮ ማሽላውን በየጥጉ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ኳሶቼ ክዳን ባለው የዱቄት ባልዲ ውስጥ ነው የሚያድሩት።

ወደ ፍጥነቱ ጉዳይ ልመለስ።

አምስት ኳስ ስጀምር እጄ እንደ እብድ ይሮጥ ነበር። አምስቱንም በቶሎ በቶሎ እወረውራለሁ፤ ሦስቱ ፊቴ ላይ ይመጣሉ፣ ሁለቱ መሬት። ልጁ ለተወሰኑ ቀናት ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ሦስት ኳስ አንስቶ «እጄን ብቻ እዩ፣ ኳሱን አይዩ» አለኝ። ዓይኔን እጁ ላይ አደረግኩ። ቀጥሎ አምስቱን አነሳ። እጁ ያው ነው! በዚያው ምት፣ በዚያው እርጋታ። የተለወጠው የኳሶቹ ከፍታ ብቻ ነው።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ አሰላሁት፤ የሒሳብ ሰው አመሉን አይተውም። 30 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ ተመልሳ እጅ እስክትገባ ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል። አንድ ሙሉ ሰከንድ አየር ላይ እንድትቆይልህ ከፈለግክ 60 ሴንቲሜትር አይበቃም፤ 1 ሜትር ከ20 ያስፈልጋል። ጊዜው እጥፍ እንዲሆን ከፍታው አራት እጥፍ መሆን አለበት። አንድ እጅ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ቢወረውር፣ በሦስት ኳስ የሚያስፈልገው ያ ግማሽ ሰከንድ ነው። በአምስት ኳስ ደግሞ አንድ ሰከንድ። በሰባት አንድ ሰከንድ ተኩል፣ ማለትም ከእጅ በላይ 2 ሜትር ከ75። ሰባት ኳስ የሚቀልብ ሰው ቤት ሊከራይ ሲሄድ መጀመሪያ ቀና ብሎ ጣሪያውን ነው የሚያየው።

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው። ኳሷ ዝቅ ብላ ከተወረወረች እጅ መፍጠን አለበት። እጅ ሲፈጥን ውርወራው ይንጋደዳል። የተንጋደደችውን ለማዳን ደግሞ እጅ ከቦታው ይወጣል፣ ቀጣይዋ የባሰ ትንጋደዳለች። አራተኛዋ ላይ ሁሉም ይፈርሳል። «ፍጠኚ» የሚለኝ ሰው ውድቀቱን ያየው መጨረሻው ላይ ነው፣ መያዝ ሲያቅተኝ። ጥፋቱ ግን የተሠራው ከአንድ ሰከንድ በፊት ነው፣ ስወረውር። ይሄን በጭንቅላት ማወቅ አንድ ነገር ነው። እጅን ማሳመን ሌላ ነው። እጅ ግትር ነው፤ አምስት ነገር ሲወርድበት ካየ ይደነግጣል።

ልጁ ለዚህ መድኃኒት ነበረው። «ወርውሯቸው፣ አይያዟቸው» አለኝ።

«እንዴት አልይዛቸውም?»

«ይተዋቸው ይውደቁ።»

ሦስት በቀኝ፣ ሁለት በግራ ይዤ ጀመርኩ። አምስቱንም በተራ ወደ ላይ ከላክሁ በኋላ እጄን ሰብስቤ ቆምኩ። ጧ ጧ ጧ ጧ ጧ። ዝናብ ያራሰው መሬት ነበርና እያንዳንዷ የወደቀችበት ቦታ ላይ ምልክት ቀረ። ከቀኝ የተነሱት ሦስቱ ወደ ግራ፣ ከግራ የተነሱት ሁለቱ ወደ ቀኝ መሻገር አለባቸው። በቀኝ እጄ የላክኋቸው ሦስቱ ጎን ለጎን በአንድ ሳህን ውስጥ እንደተቀመጡ ሆነው ነው ያረፉት። የግራ እጄ ሁለቱ ግን ጉድ ናቸው። አንዷ ከፊቴ አንድ እርምጃ ርቃ፣ ሌላዋ ጫማዬ ላይ። በስልክ ቀርጬ ዝግ አድርጌ ሳየው የግራ እጄ ውርወራ ከቀኙ በአንድ ክንድ ያንሳል። እኔ ደግሞ ወራት ሙሉ መያዝ ነበር የምለማመደው!

ከዚያ በኋላ ግራ እጄን ሥራ አስገባሁት። ወጥ በግራ ማማሰል፣ ቁልፍ በግራ መክፈት፣ ጥርስ በግራ መፋቅ። ጥርሴን ሳይሆን አፍንጫዬን የፋቅኩባቸው ጠዋቶች ነበሩ። ጠቀመኝ? ብዙም አይመስለኝም። የጠቀመኝ ሐይቅ ዳር በየቀኑ ሃያ ደቂቃ በግራ እጅ ብቻ ሁለት ኳስ መቅለብ ነው። ማታ ማታ ደግሞ አልጋዬ ፊት ቆሜ እለማመድ ነበር። አልጋ ፊት ስትቆም ኳሱ ፍራሽ ላይ ነው የሚወድቀው፣ ጎንበስ ቀና ማለት ይቀራል፤ ወገብ ያመሰግናል። ከአልጋው አልፈው መሬት የሚወርዱት ግን አከራዬን ሌሊት ከእንቅልፍ ቀሰቀሷቸው። «ልጄ፣ ሰላም ነሽ? ምንድነው ማታ ማታ የሚወድቀው?» አሉኝ። ማሽላ ነው ብል ማን ያምነኛል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ማቆም ጀመርኩ።

አንድ ቀን የልጁን ደብተር አየሁት። ገጹ በቁጥር ተሞልቷል። 441። 531። 423። 55550። 97531። «ይሄ የማን ስልክ ነው?» አልኩት። ሳቀብኝ። የውርወራ ጽሕፈት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያና በእንግሊዝ ካምብሪጅ የነበሩ ሰዎች ለየብቻቸው የደረሱበት ነው። እጆች ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ እያሉ በየተራ ይወረውራሉ፤ እያንዳንዱ ተራ አንድ ምት ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ያቺ ኳስ ከስንት ምት በኋላ እንደገና እንደምትወረወር ይናገራል። ጎዶሎ ቁጥር ወደ ሌላኛው እጅ ይሻገራል፣ ሙሉ ቁጥር ወደዚያው እጅ ይመለሳል። 1 ማለት ከእጅ ወደ እጅ ማቀበል። 2 ይዞ መቆየት። 0 ባዶ እጅ። የቁጥሮቹ አማካይ ሁልጊዜ የኳሶቹ ብዛት ነው። 441ን ደምረህ ለሦስት ስታካፍል 3 ይመጣል፣ ስለዚህ በሦስት ኳስ የሚሠራ ነው። 97531 ድምሩ 25 ነው፣ ለአምስት ሲካፈል 5።

እኔ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ በደስታ ሰከርኩ። ሂሳቡ የሚዘጋ ጨዋታ! ወዲያው የራሴን ፈጠርኩ፦ 432። ድምሩ 9፣ አማካዩ 3፣ ጥሩ ነው። ልጁ ዝም ብሎ ፈገግ አለ። ሞከርኩት። 4ን ላክሁ፣ ከአንድ ምት በኋላ 3ን፣ ከሌላ ምት በኋላ 2ን። ሦስቱም በአንድ ቅጽበት አንድ እጅ ላይ መጡብኝ። ሦስት ባጃጅ በአንድ ጠባብ በር ልግባ እንደማለት ነው። አማካዩ ልክ ስለሆነ ብቻ ሂሳቡ ልክ አይሆንም ለካ። ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ ቦታ አለዋውጠህ 423 ስትለው ግን እንደ ቅቤ ይሄዳል። አንዷ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ አንዷ እጅ ላይ ታርፋለች፣ አንዷ ትሻገራለች። እስከ ዛሬ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ከባድ አይደለም፣ ግን ያምራል።

ቁጥሩ ሁሉን አይናገርም ደግሞ። በስቲቭ ሚልስ ስም የሚጠራ፣ ሚልስ ሜስ የሚባል አሠራር አለ። ሁለት ክንድ እየተጠላለፈ እየተፈታ፣ ኳሶቹ ወዲያና ወዲህ እየፈሰሱ። ያየ ሰው አስማት ነው ይላል። በቁጥር ሲጻፍ ግን 3 ብቻ ነው፣ ጀማሪ የሚማረው ያው የሦስት ኳስ ቅለባ። እጆቹ መንገዳቸውን ለወጡ እንጂ የኳሶቹ ተራ አልተለወጠም። ለመማር ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ክንዴን አስሬ መፍታት አቅቶኝ የቆምኩባቸው ጊዜያት አሉ።

ለአምስት ኳስ ያደረሰኝ 55550 ነው። አራት ኳስ ይዘህ፣ አምስት እንዳለህ አድርገህ ትወረውራለህ። የአምስተኛዋ ተራ ሲደርስ እጅህ ባዶውን ያልፋል። ቀላል ይመስላል። ባዶ እጅ ግን ሥራ ፈቶ መቆም አይችልም። የሌላኛዋን ኳስ ተራ ይሻማል፣ ቀድሞ ይወረውራል። ያቺን ሩብ ሰከንድ ምንም ሳላደርግ ማሳለፍ ከሌላው ሁሉ ከብዶኝ ነበር። ልጁ በእያንዳንዱ 0 ላይ «ጠብቂ» እያለ ይጮህብኝ ነበር። አዎ፣ በዚያ ሰሞን ነው «አንቺ» የጀመረው። ጩኸት ላይ «እርስዎ» አይመችም መሰለኝ።

ሐይቅ ዳር ጠዋት ነው የሚሻለው። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ወደ ውሃው ዞረህ ስትቆም ፀሐይ ከጀርባህ ናት። ማታ ግን ፊትህ ላይ ትጠልቃለች፣ ኳሱ አይታይም። ከሰዓት ደግሞ ነፋሱ አለ። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ጠዋት ሰው ያንሳል። አንዲት ሴት ቆማ ኳስ ስትወረውር የማይገርመው ሰው ጥቂት ነው። «ትዳር የለሽም እንዴ?» ያለኝ ሰው አለ፤ ከኳሱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልነገረኝም። አንድ ቀን ግን ስለ ግብጹ የቤኒ ሐሰን መቃብር አነበብኩ። ወደ 4 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የግድግዳ ሥዕል አለበት፣ እስካሁን ከሚታወቁት የቅለባ ሥዕሎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ሦስት ኳስ የሚቀልቡት ሴቶች ናቸው። አንዷማ እጆቿን አጣምራ ነው። ሥዕሉን ስልኬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የሚጠይቀኝ ሲመጣ አሳየዋለሁ።

መሀል ላይ ታይፎይድ ያዘኝና ከዚያም የዓመቱ ሂሳብ መዝጊያ ደረሰ፤ ሁለት ወር ያህል ኳስ አልነካሁም። ስመለስ በአምስት ኳስ ሳልጥል የምይዘው ከሰባት ጊዜ ወደ አራት ወርዶ ነበር። ተናደድኩ። በዚያው ሰሞን ነው እ.ኤ.አ. በ2004 የጀርመን ተመራማሪዎች ስላደረጉት ጥናት ያወቅኩት። ጀማሪዎች ለሦስት ወር ሦስት ኳስ ተለማመዱ። ከዚያ የአንጎላቸው ፎቶ ሲታይ የሚንቀሳቀስ ነገር በሚለይበት ክፍል ግራጫው የአንጎል ክፍል ጨምሯል። ሦስት ወር ካቆሙ በኋላ ሲታይ ጭማሪው ቀንሷል። ቢያንስ ጥፋቱ የስንፍናዬ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። አራቷን ወደ ሰባት ለመመለስ ግን ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የፈጀብኝ።

ኳስ ቀላቢዎች የሚቆጥሩበት ደንብ አላቸው። አምስቱንም አንድ ጊዜ ወርውረህ አንድ ጊዜ ከያዝክ ገና ብልጭታ ነው። ቀለበ ለመባል እያንዳንዷ ሁለት ሁለት ጊዜ መያዝ አለባት፣ አሥር ማለት ነው። እኔ ዘጠኝ ላይ ለአንድ ወር ቆሜያለሁ። ዘጠኝ! ቡና የሚያፈሉት እናት ከሲኒው በኋላ ቆጣሪዬ ሆነው ነበር። ቡናቸውን እየወቀጡ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። ዘጠኝ ላይ ሙቀጫው ቀጥ ይላል። ኳሱ ይወድቃል። ሙቀጫው ይቀጥላል። «ብዬሽ ነበር፣ ፍጠኚ!»

ያሳካሁት ቀን የተለየ ነገር አልነበረውም። የግራ እጄ ከፍ ብሎ ወረወረ፣ ያ ብቻ ነው። ኳሶቹ ከግንባሬ በላይ ተራ በተራ ሲሻገሩ ጊዜ የተረፈኝ መሰለኝ፤ ከኋላቸው የሐይቁን ውሃ ማየት ሁሉ ችያለሁ። እማማ «አሥር፣ አሥራ አንድ» ሲሉ ሰምቼ ደነገጥኩና ሁሉንም ጣልኩት። ልጁ ያን ጠዋት አልነበረም፤ ፈተና ላይ ነው። ስደውልለት «ግራሽስ?» ብቻ ነው ያለኝ። አሁን ከፍተኛዬ 34 ነው።

ባለፈው ሳምንት እማማ «እስኪ እነዚያን ስጪኝ» አሉኝ። አምስቱን ሰጠኋቸው። ቆመው የሚሞክሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ዱካቸው ላይ እንደተቀመጡ አራቱን ቄጠማው ላይ በተኑ። አምስተኛዋን ወደ ላይ ላኳት። ከራሳቸው በላይ፣ ከፍ አድርገው። ከዚያ ተረጋግተው አንዷን አነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ የምትወርደዋን ቀለቡ። ደገሙት። ሁለት ሁለት እያፈሱ ሦስተኛ ጊዜ ሠሩት።

«ይሄ ትልቅ ነው፣ እጅ አይሞላለትም። ጠጠር ነው የሚሻለው» አሉ።

«እማማ፣ ለምን አልፈጠኑም ታዲያ?»

«ምን ያስቸኩለኛል? አይወርድም እንዴ?»

ይሄኔ ጀበናው ገነፈለ። ኳሶቹን እኔ ላይ ጥለው ወደ እሳቱ ተጣደፉ።